የትኛው መስመር ቦታውን ለቀቀ? የደኅንነትና የስጋት ትንተና በባሕር ላይ የነዳጅ መድረኮች ዲዛይን

(ኮምቦልቻ ላይ ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎችና በከተማዋ ፋብሪካዎች ለሚሠሩ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ የሥራ ሰዓታችሁን አብቃቅታችሁ ከየፋብሪካው የመጣችሁ ባለሙያዎች፤

የባሕር በር በሌላት አገር፣ ያውም በወሎ ተራሮች ሥር በምትገኘው በኮምቦልቻ፣ ስለ ባሕር ላይ የነዳጅ ማምረቻ መድረክ ለመናገር ለምን እንደመረጥሁ ብትጠይቁኝ ተገቢ ነው። ምክንያቴን ላስረዳ። በየብስ ላይ የተተከለ ፋብሪካ ብዙ ጉድለቱን የሚሸፍንለት አንድ ባለውለታ አለው፤ እርሱም ርቀት ነው። የነዳጅ ማጠራቀሚያው ከቢሮው ይርቃል፤ ሠራተኛው ማታ ቤቱ ይገባል፤ እሳት ቢነሳ በር ከፍቶ መውጣት ይቻላል፤ የእሳት አደጋ መኪናም ቢዘገይ እንኳ በመንገድ ይደርሳል። የባሕር ላይ መድረክ ከእነዚህ አንዱም የለውም። ከምድር ሆድ በከፍተኛ ግፊት የሚወጣው ዘይትና ጋዝ፣ ጋዙን የሚያምቁት መጭመቂያዎች፣ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት ተርባይኖች፣ የመቆጣጠሪያው ክፍል፣ ወጥ ቤቱና ሁለት መቶ ያህል ሰው የሚያድርበት ማደሪያ በጠባብ ስፍራ ላይ ተደራርበው ይቆማሉ፤ ዙሪያውን ያለው ውኃ ብቻ ነው። ስለዚህ በየብስ ላይ ለዓመታት ተደብቆ የሚኖር የዲዛይን ስሕተት እዚያ በደቂቃዎች ውስጥ ይገለጣል።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የብረታ ብረት ፋብሪካው፣ የቢራ ፋብሪካው፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሁሉ ማሞቂያ፣ እንፋሎት፣ የታመቀ አየር፣ ኬሚካልና ነዳጅ አላቸው፤ ከጅቡቲ ወገን በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጡት ቦቴዎችም በከተማዋ ያልፋሉ። እዚህ የተቀመጣችሁት ተማሪዎች ከተመረቃችሁ በኋላ ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ የአንድ ቧንቧን ወይም የአንድ ግድግዳን ቦታ የምትወስኑ ሰዎች ትሆናላችሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አንድ ብቻ ነው። የስጋት ትንተና ሠርቻለሁ የሚል ሰው ሲመጣባችሁ በቅድሚያ የምትጠይቁት «በዚህ ትንተና ምክንያት በንድፉ ላይ የትኛው መስመር ቦታውን ለቀቀ?» ብላችሁ ይሁን። አንድም መስመር ካልተነቀነቀ፣ ሰነዱ ምንም ያህል ቢወፍር፣ ሥራው ገና አልተጀመረም ብዬ አምናለሁ።

ይህን ለማስረዳት ከፓይፐር አልፋ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እወስዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ፓይፐር አልፋ ከስኮትላንዷ የአበርዲን ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሰሜን ባሕር ላይ የቆመ መድረክ ነበር። በ1976 ማምረት ሲጀምር የዘይት መድረክ ነበር፤ ዲዛይኑም የተሠራው ለዘይት ነው። ሠሪዎቹ አላዋቂዎች አልነበሩም። መድረኩን በክፍል በክፍል ከፋፍለው እጅግ አደገኛውን የጉድጓድ አፍ ክፍል በአንዱ ዳር፣ የመቆጣጠሪያውን ክፍልና የሰዎቹን ማደሪያ ደግሞ በሌላው ዳር አድርገው፣ በየክፍሎቹ መካከል እሳት የሚያግድ ግድግዳ አቆሙ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ከዘይቱ ጋር የሚወጣውን ጋዝ ማቃጠል ቀርቶ ተጨምቆ ወደ የብስ እንዲላክ ተወሰነ፤ የጋዝ መጭመቂያውም ቦታ ባለበት በኩል፣ ከመቆጣጠሪያው ክፍል ጎን ገባ። ልብ በሉ፤ በዚያች ቀን የመጀመሪያው ንድፍ የቆመበት ሐሳብ ፈረሰ። እሳትን እንጂ ፍንዳታን እንዲችሉ ያልተሠሩት ግድግዳዎች ግን እንደነበሩ ቀሩ። ዘይት ሲነድ ግድግዳውን በሙቀት ይፈትነዋል፤ ጋዝ ሲፈነዳ ደግሞ በቅጽበት በሚመጣ ግፊት ይገፋዋል። ሁለቱ ለአንድ መሐንዲስ የተለያዩ ጭነቶች ናቸው፤ አንዱን የቻለ ግድግዳ ሌላውን ይችላል ማለት አይደለም።

ጁላይ 6 ቀን 1988፣ ፈሳሽ ጋዝ ከሚገፉት ሁለት ፓምፖች አንዱ ለጥገና ቆሞ ነበር። የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቩ ተፈትቶ በቦታው መድፈኛ ብረት ተገጥሞ ነበር፤ መድፈኛው ግን ጋዝ እንዳያሳልፍ ሆኖ አልታሰረም። ቫልቩ መነሳቱን የሚናገረው የሥራ ፈቃድ ወረቀት ፓምፑ ለጥገና መቆሙን ከሚናገረው ወረቀት የተለየ ነበር፤ ፈረቃ ሲቀየርም ወሬው ለተረካቢዎቹ አልደረሰም። ሌሊት ከመግባቱ በፊት፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ሲል፣ የሚሠራው ፓምፕ ቆመ፤ አልነሳም ሲል ሠራተኞቹ የቆመውን ሌላኛውን አስነሱ። ጋዙ በመድፈኛው በኩል ወጣ፤ ፈነዳም። ግድግዳው ተሰባበረ፤ የመቆጣጠሪያው ክፍል ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ በአጎራባቹ ክፍል ያለው ዘይት ተያያዘ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆምና «ወረቀቱ ባይጠፋ ኖሮ» ይላል። የወረቀቱን ነገር አላቃልልም፤ የፈረቃ ርክክብ ጉድለት በማንኛውም ፋብሪካ ሰው ይገድላል። ነገር ግን የመጀመሪያው ፍንዳታ የሁሉንም ሕይወት አላጠፋም። በመድረኩ ላይ ከነበሩት 226 ሰዎች 61 ብቻ ተርፈው 165 የሞቱት፣ ሊያድኗቸው ከመጡትም ሁለት የጠፉት፣ ከፍንዳታው በኋላ በነበረው ጊዜ ውስጥ ንድፉ በሰጠው መልስ ምክንያት ነው። የእሳት ማጥፊያ ውኃ የሚገፉት ፓምፖች በዚያን ዕለት በራሳቸው እንዳይነሱ ተደርገው በእጅ እንዲነሱ ተቀይረው ነበር፤ ምክንያቱም ጠላቂዎች ባሕር ውስጥ ሲሠሩ ፓምፑ ስቦ እንዳያስገባቸው ተፈርቶ ነው። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ ጠላቂውን መጠበቅም ግዴታ ነው። ዲዛይኑ ግን በመምጠጫው አፍ ላይ ሰው የማያስገባ በቂ መከለያ ሰጥቶ ቢሆን፣ ጠላቂውን ለማዳን ሲባል የመድረኩን ውኃ መዝጋት ባላስፈለገም ነበር። ከፍንዳታው በኋላ ፓምፖቹን በእጅ ለማስነሳት የሄዱ ሰዎች አልተመለሱም።

ከዚያ የከፋው ቧንቧዎቹ ነበሩ። ፓይፐር አልፋ ከአጎራባች መድረኮች ጋር በትላልቅ የጋዝ ቧንቧዎች የተያያዘ ነበር፤ እነዚያ መድረኮችም እሳቱን እያዩ ማምረታቸውን ወዲያው አላቆሙም። ከመጀመሪያው ፍንዳታ ሃያ ደቂቃ ያህል በኋላ ከታርታን መድረክ የሚመጣው የጋዝ ቧንቧ በእሳቱ ተዳክሞ ፈነዳ፤ ቀጥሎ ሌሎቹ። በኪሎ ሜትሮች በሚቆጠር ቧንቧ ውስጥ የታመቀ ጋዝ በአንድ ስፍራ ሲወጣ ምንም ዓይነት የውኃ መርጫ አያቆመውም። አብዛኞቹ ሰዎች ሄሊኮፕተር ይመጣል፣ ትእዛዝም ይሰጣል ብለው በማደሪያው ተሰብስበው ነበር፤ ትእዛዝ የሚሰጠው ክፍል ግን በመጀመሪያው ደቂቃ ጠፍቷል። የገደላቸው በብዛት ጭስ ነው። ከተረፉት ብዙዎቹ ወደ ባሕር የዘለሉት ናቸው።

የብሪታንያ መንግሥት ጉዳዩን እንዲመረምሩ ሎርድ ከለንን ሰየመ፤ በ1990 የወጣው ሪፖርታቸው 106 ምክረ ሐሳቦች ነበሩት። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው የማስረዳትን ሸክም ማዛወራቸው ነው። ከዚያ በፊት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ዝርዝር ደንብ ያወጣል፤ ኩባንያው ደንቡን ማሟላቱን ያሳያል። ከዚያ በኋላ ግን በመድረኩ ላይ ምን ምን ዓይነት ከባድ አደጋ ሊደርስ እንደሚችል፣ እያንዳንዱ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል፣ በምን እንደተከለከለና ቢደርስም ሰዎቹ እንዴት እንደሚወጡ ራሱ ባለቤቱ ተንትኖ በጽሑፍ ማሳመን ግዴታው ሆነ። ይህም በ1992 በሕግ ጸና። ለሰዎች መጠለያ ሆኖ ለተወሰነ ጊዜ እሳትንና ጭስን የሚችል ክፍል፣ ወደ ጀልባው የሚያደርስ የተጠበቀ መንገድ፣ በቧንቧዎቹ ላይ ፈጥኖ የሚዘጋ ቫልቭ፤ እነዚህ ሁሉ የንድፍ መስመሮች ናቸው፤ የተሰመሩትም ከዚያ ምርመራ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዲዛይኑ ጠረጴዛ እንምጣ። መድረክ ሲታቀድ ከሁሉ በፊት የሚወሰነው ነገር ምን ከምን ይራቅ የሚለው ነው፤ በኋላ የሚጨመር መሣሪያ ሁሉ የዚህን ውሳኔ ስሕተት ሙሉ በሙሉ አይክሰውም። ማደሪያው ብዙውን ጊዜ ነፋሱ በሚመጣበት ወገን ይሆናል፤ ጋዝ ቢያመልጥ ወደ ሰው ሳይሆን ወደ ባሕር እንዲነዳ። በማደሪያውና በጉድጓዶቹ መካከል ደግሞ አደጋቸው አነስ ያለ መሣሪያዎች ይደረደራሉ። ከባሕር ወለል የሚወጡት ቧንቧዎች የት በኩል ይውጡ የሚለውም የሞትና የሕይወት ጥያቄ ነው። በ2005 በሕንድ የባሕር ክልል ቦምቤ ሃይ በተባለው የነዳጅ መስክ አንድ የድጋፍ መርከብ የተጎዳ ሠራተኛ ለማውረድ ወደ መድረኩ ሲጠጋ ከጋዝ ቧንቧ ጋር ተጋጨ፤ እሳቱ መድረኩን በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ አወደመው፤ 22 ሰዎች ሞቱ። መርከብ በሚጠጋበት ወገን ጋዝ የተሞላ ቧንቧ ካለ፣ መርከበኛው ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ አንድ ቀን ማዕበል ያሸንፈዋል።

ግድግዳን በሚመለከት ዲዛይነሩን በእውነት የሚያስጨንቅ ምርጫ አለ። የተፈጥሮ ጋዝ ዋናው ክፍል የሆነው ሚቴን የሚቀጣጠለው በአየር ውስጥ ያለው መጠን ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ነው። ክፍሉ ክፍት ከሆነ ነፋሱ ጋዙን ከዚያ መጠን በታች ያወርደዋል፤ ቢቀጣጠልም ግፊቱ መውጫ ያገኛል። ነገር ግን ክፍት ክፍል እሳትን ወደ ጎረቤቱ ያሳልፋል፤ በሰሜን ባሕር ብርድም ሠራተኛውን ያንገላታል። ግድግዳ ሲቆም እሳቱ ይታገዳል፤ ጋዙ ግን ይታቆራል፤ በታቆረበትም ቧንቧና መሣሪያ ከበዛ ነበልባሉ በመካከላቸው እየተፋጠነ ግፊቱን ያበረታዋል። ወለሉን ወንፊት ብረት ብናደርገው ጋዙ ይበተናል፤ የሚነደው ዘይት ግን ወደ ታችኛው ፎቅ ይንጠባጠባል። ለዚህ ሁሉ አንድ ትክክለኛ መልስ የለም። የጋዙን መጠን፣ የነፋሱን ጠባይና የመሣሪያውን ጥግግት አስልቶ፣ ምን እንደተመረጠና ምን እንደተተወ በጽሑፍ ማስቀመጥ ነው ያለው። ብረቱም ለብቻው አያድንም። የዘይትና የጋዝ እሳት በደቂቃዎች ውስጥ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል፤ ተራ የግንባታ ብረት ደግሞ 600 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጥንካሬውን በግማሽ ያህል ያጣል። ስለዚህ ተሸካሚው ብረት በሙቀት መከላከያ ይለበጣል፤ በዕቃዎቹ ውስጥ ያለው ጋዝም ብረቱ ከመዳከሙ በፊት ወደ ማቃጠያው ማማ እንዲለቀቅ ይደረጋል።

የትንተናው ስልቶች በመጻሕፍት ስለሚገኙ አልዘረዝራቸውም። በሁለቱ ላይ ብቻ አንድ ነገር ልበል። ሃዞፕ የሚባለው ስልት የተለያየ ሙያ ያላቸው ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ንድፉን ቧንቧ በቧንቧ እየተከተሉ «ፍሰቱ ቢቀርስ? ቢበዛስ? ወደ ኋላ ቢመለስስ?» እያሉ የሚጠይቁበት ነው። በ1960ዎቹ በእንግሊዝ የኬሚካል ኢንዱስትሪ ውስጥ ተወልዶ ወደ ባሕሩ የገባ ስልት ነው። ኃይሉ ያለው በተቀመጡት ሰዎች ላይ ነው፤ መሣሪያውን በእጁ የሚነካ የጥገና ሠራተኛና የፈረቃ ኃላፊ ከሌሉበት ጥያቄው ሁሉ ከወረቀት ተነስቶ ወረቀት ላይ ይቀራል። የስሕተት ዛፍ የሚባለው ደግሞ ከመጨረሻው ክፉ ነገር ተነስቶ «ይህ እንዲሆን ምንና ምን በአንድነት መበላሸት አለባቸው?» እያለ ወደ ሥሩ ይወርዳል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ለሚሳኤል ሥርዓት የተፈጠረ ሲሆን፣ ዛሬ ፓምፕም ቫልቭም ይተነተንበታል።

ከዛፉ ሥር ቁጥር ይመጣል፤ ቁጥርም በሚገባ ካልተነበበ ያታልላል። የመቶ ዓመት ማዕበል ሲባል መቶ ዓመት የሚጠብቅ ይመስላል። መድረኩ 25 ዓመት ቢያገለግል፣ በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ ከመቶ አንድ የሆነ ማዕበል በአገልግሎት ዘመኑ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመምጣት ዕድሉ 22 በመቶ ያህል ነው፤ ከአራት አጋጣሚ አንድ ሊሞላ ምንም አልቀረው። በየዓመቱ ከ10,000 አንድ የሆነው ግን በዚያው 25 ዓመት ከ400 አንድ ይሆናል። ኖርዌይ በ1981 ባወጣችው የዲዛይን መመሪያ፣ ማምለጫ መንገድንና የመጠለያ ስፍራን የመሰሉ ዋና የደኅንነት ተግባራትን የሚያሽመደምድ የአንድ ዓይነት አደጋ ዕድል በዓመት ከ10,000 አንድ እንዳይበልጥ የጠየቀችው ለዚህ ነው። በብሪታንያ ደግሞ አንድ ሠራተኛ በሥራው ምክንያት በዓመት የመሞት ዕድሉ ከ1,000 አንድ ካለፈ በተለመደው ሁኔታ ተቀባይነት የለውም፤ ከዚያ በታች ሲሆንም ባለቤቱ ስጋቱን የበለጠ ለመቀነስ የሚያስፈልገው ወጪና ድካም ከጥቅሙ ጋር ፈጽሞ የማይመጣጠን መሆኑን እስካላሳየ ድረስ መቀነሱን እንዲቀጥል ይገደዳል። ይህ የመጨረሻው ሐሳብ ከ1949 የከሰል ማዕድን የፍርድ ቤት ክርክር የመጣ ነው፤ በእኔ ግምት ደኅንነትን በሚመለከት ሕግ ከጻፋቸው ፍትሐዊ ሐሳቦች አንዱ ነው፤ ምክንያቱም የማስረዳቱን ሸክም በደካማው በሠራተኛው ላይ አይጭንም።

ነገር ግን ከቁጥሮች ሁሉ በላይ ሰው የሚያሳስተው ማባዛት ነው። አንድ የእሳት ፓምፕ በተፈለገበት ጊዜ ያለመነሳት ዕድሉ ከ100 አንድ ነው እንበል። ሁለት ፓምፕ ካለ ከ100 አንድ ሲባዛ በከ100 አንድ፣ ከ10,000 አንድ ሆነ ተብሎ ይጻፋል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ይህ ማባዛት የሚሠራው ግን የአንዱ መበላሸት ከሌላው መበላሸት ጋር ምንም ዝምድና ከሌለው ነው። ከብልሽቶቹ አንድ አሥረኛው እንኳ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚያቆም ምክንያት ካለው፣ መልሱ ከ1,000 አንድ ወደሚሆን ይወርዳል፤ አሥር እጥፍ የከፋ ነው። በፓይፐር አልፋ ፓምፖቹን ያቆመው በሁሉም ላይ በአንድነት የተላለፈ አንድ ውሳኔ ነበር፤ ሁለት ቢሆኑ፣ አምስት ቢሆኑ ለውጥ አልነበረውም።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በጭነት መኪና የወረደ ሰው ይህን በሰውነቱ ያውቀዋል። የከባድ መኪና የእጅ ፍሬን የሚያዘው በጠንካራ ሞላ ነው፤ ሞላውን ወደ ኋላ ገትቶ መኪናውን የሚያስኬደው የታመቀው አየር ነው፤ ስለዚህ አየሩ ቢያመልጥ ሞላው ራሱ ይለቀቅና መኪናውን ይይዛል። የመድረክ ቧንቧ የሚዘጋው የአደጋ ጊዜ ቫልቭም በዚሁ ሐሳብ ይሠራል፤ ክፍት ሆኖ የሚቆየው ግፊት ስላለ ነው፤ ግፊቱ ሲጠፋ ይዘጋል። ይህ ግሩም ዲዛይን ነው። ዳሩ ግን ረጅሙን ቁልቁለት ፍሬን እየረገጠ በቀላል ማርሽ ለሚወርድ ሾፌር አያድንም፤ የእግሩም የእጁም ፍሬን የሚይዙት በዚያው በጋለው ሸራ ስለሆነ፣ ሸራው ሲግል ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። በእውነት ለብቻው የቆመው መከላከያ ሞተሩን የሚያስታግሰው ከባድ ማርሽ ነው። ዲዛይን ስትገመግሙ መከላከያዎችን አትቁጠሩ፤ ከመካከላቸው የትኞቹ በአንድ ሸራ ላይ እንደሚይዙ ፈልጉ። አንድ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ አንድ የመቆጣጠሪያ ክፍል፣ አንድ የባትሪ ክፍል፣ አንድ የጥገና ቡድን፣ አንድ የተሳሳተ ማስተካከያ፤ የተደበቀው ዝምድና ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ በአንዱ ነው።

ከፍንዳታና ከእሳት ወጣ ብዬ ስለ ተሸካሚው አካል ጥቂት ልናገር፤ የሲቪልና የሜካኒካል ተማሪዎች በዚህ በኩል ድርሻችሁ ትልቅ ነውና። ማርች 27 ቀን 1980 በኖርዌይ የባሕር ክልል በኤኮፊስክ መስክ፣ አሌክሳንደር ኪየላንድ የተባለው ተንሳፋፊ መድረክ በማዕበል ውስጥ ተገለበጠ። ሥራው ቁፋሮ አልነበረም፤ የሠራተኞች ማደሪያ ሆኖ ነበር። ከነበሩት 212 ሰዎች 123ቱ ሞቱ። አምስት እግሮች ነበሩት፤ አንዱ እግር ተገነጠለ። ምርመራው የደረሰበት ነገር ይህ ነው፤ እግሩን ከሚያያዙት ወፍራም ብረቶች በአንዱ ላይ የድምፅ መቀበያ መሣሪያ ለማቀፍ አንዲት ትንሽ ብረት ተበይዳ ነበር፤ በዚያች ብየዳ ዙሪያ የነበረው ስንጥቅ በማዕበሉ ምልልስ በዝግታ አደገና ማያያዣውን ቆረጠው። ያችን ብየዳ እንደ ዋናው ተሸካሚ አካል አድርጎ ያያት አልነበረም፤ ለመሸከም ያልታሰበች ብረት ናትና። ከዚህ የሚወጣው የዲዛይን ጥያቄ ሁለት ገጽ አለው። አንደኛው፣ በዋናው ተሸካሚ ላይ የሚበየድ ማንኛውም ነገር፣ ጥቃቅኑም ሁሉ፣ እንደ ተሸካሚው ራሱ መታየት አለበት። ሁለተኛውና ከባዱ፣ አንድ ማያያዣ ቢቆረጥ ቀሪው አካል ቆሞ ሰው እስኪወጣ ይጠብቃል ወይ የሚለው ነው። ኪየላንድ አልጠበቀም፤ በሃያ ደቂቃ ያህል ውስጥ ተገለበጠ።

ስሌትም ይሳሳታል። ስላይፕነር የተባለው መድረክ የኮንክሪት መሠረት በኦገስት 1991 በስታቫንገር አጠገብ በባሕር ወሽመጥ ውስጥ ሲፈተሽ ተሰንጥቆ ሰመጠ፤ ሰው አልሞተም፤ ጥፋቱ ግን በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ነበር። ምክንያቱ በኮምፒውተር የተሠራው ስሌት በግድግዳዎቹ መገናኛ ላይ የሚደርሰውን የመቁረጥ ጭነት በ47 በመቶ ያህል አሳንሶ መገመቱ ነው። በኋላ በእጅ የተሠራ ስሌት ግድግዳው በ62 ሜትር የውኃ ጥልቀት ላይ ሊሰበር እንደሚችል አሳየ፤ የተሰበረው በ65 ሜትር ገደማ ነው። ተማሪዎች ሆይ፣ ኮምፒውተራችሁ የሰጣችሁን ባለ ቀለም ሥዕል በአንድ ገጽ የእጅ ስሌት ሳትፈትኑ ፊርማችሁን አታኑሩበት።

እዚያው ኤኮፊስክ ላይ ደግሞ ማንም ያላሰበው ሆነ፤ ዘይቱና ጋዙ ሲወጣ የባሕሩ ወለል ራሱ ዝቅ አለ። መድረኮቹ ከማዕበሉ በላይ እንዲሆኑ የተተወላቸው ክፍተት እየጠበበ ስለ መጣ በ1987 ስድስት ሜትር ያህል ወደ ላይ ተነሱ። የመጀመሪያው ትንተና ስሕተት አልነበረም ማለት ይቻላል፤ የተመሠረተበት እውነት ግን ተለወጠ። ለዚህ ነው የስጋት ትንተና ሰነድ ፋብሪካው ሲለወጥ ሁሉ፣ አዲስ ማሽን ሲገባ፣ ጥሬ ዕቃ ሲቀየር፣ አንድ ግድግዳ ሲፈርስ እንደገና መከፈት ያለበት። በፓይፐር አልፋ ጋዝ በገባበት ዓመት ይህ በሚገባ ቢደረግ ኖሮ፣ የመቆጣጠሪያው ክፍል ቦታ ጥያቄ ውስጥ በገባ ነበር።

በመጨረሻ ከአድማጮች ስለቀረበ አንድ ጥያቄ። አንድ የጥገና ባለሙያ፣ «የፓምፕም የቫልቭም የብልሽት መጠን የሚነግረን የራሳችን መረጃ ከሌለን ቁጥሩን ከየት እናምጣ?» ብሎ ጠይቋል። ጥያቄው የነገሩን ሥር የነካ ነው። በሰሜን ባሕርም መጀመሪያ አልነበረም። በ1981 በኖርዌይ ኦሬዳ የተባለ ፕሮጀክት ተጀምሮ፣ በገበያ የሚፎካከሩ የነዳጅ ኩባንያዎች የየመሣሪያዎቻቸውን ብልሽት በአንድ መዝገብ ማስቀመጥ ተስማሙ፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1984 ወጣ። ያን መጽሐፍ እንዳለ ወስዶ ለኮምቦልቻ ፓምፕ መጠቀም ያሳስታል፤ አቧራው፣ የኤሌክትሪኩ መቆራረጥ፣ የመለዋወጫው ጥራት የተለየ ነውና። ነገር ግን አሠራሩን መውሰድ ይቻላል። ብልሽት በደረሰ ቁጥር መሣሪያው የትኛው እንደሆነ፣ ከመጨረሻው ጥገና ወዲህ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ በምን መንገድ እንደተበላሸ፣ ሲከፈት ውስጡ ምን እንደተገኘና ሲበላሽ ሌላ ምን መሣሪያ አብሮት እንደቆመ መጻፍ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ በብዙ የጥገና መዝገቦች ላይ ዓምድ የለውም፤ እኔ ግን ከሁሉም በፊት እንዲጨመር የምጠይቀው እርሱን ነው። በከተማዋ ያሉ ሁለትና ሦስት ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት ፎርም ተስማምተው ለጥቂት ዓመታት ቢሞሉት፣ ተማሪዎቹም ለመመረቂያ ሥራቸው ያን መዝገብ ቢተነትኑት፣ ቀጣዩ የማሞቂያ ክፍል ሲነደፍ በእጃችሁ የሚሆነው ቁጥር የራሳችሁ ይሆናል። ፎርሙን ለማርቀቅ ፈቃደኛ የሆናችሁ ከአዳራሹ ሳትወጡ ስማችሁን ለመምህራኑ እንድትሰጡ እለምናለሁ።